ያለቀሰ ካለ ፊልሙ ይቆማል

እትዬ ቦንግዮ በአርባ አንድ ፊልሞች ላይ ተውናለች፤ አንዱንም ግን አላየችም። ይህን የነገረችኝ ቀያይ የሩዝ ኬኮቿን በሙዝ ቅጠል ላይ እየደረደረች፣ «ዛሬ ዝናብ ሳይመጣ አይቀርም» በሚባልበት ድምፅ ነው። እኔ የያዝኩት ኬክ ከእጄ ወደቀ።

«እንዴት? አንዱንም?»

«ኬኩን አንሺው። ኤሊ ነው፤ መሬት ለመሬት ቢሄድ ምን አለበት?»

የእትዬ ቦንግዮ ኬኮች በኤሊ ቅርጽ ይወጣሉ፤ ለአማልክት ልደት የሚቀርቡ ናቸው። ሱቋ ከሰፈራችን ጠባቂ አምላክ ከመሬቱ አያ ቤተ መቅደስ ጎን፣ ከፍል ውሃው ሸለቆ የሚወጣው እንፋሎት በሚያልፍበት መታጠፊያ ላይ ነው። በሰፈራችን በቤይቶው ሁሉም ነገር ትንሽ ድኝ ድኝ ይሸታል፤ የእሷ ኬክ ብቻ የሩዝና የኦቾሎኒ ሽታውን አልለቀቀም። ከልጅነቴ ጀምሮ በየቀኑ አይቻታለሁ። ይህች አጭር፣ እጅጌዋን የሰበሰበች፣ ሳቋ ከመንገዱ ማዶ የሚሰማ የሃምሳ አምስት ዓመት ሴት አንድ ዘመን ደሴታችንን በሙሉ ያስለቀሰችው ሶዋትሃ መሆኗን ግን ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ እስክመለስ ድረስ አላውቅም ነበር።

ሶዋትሃ የሲኒማ ስሟ ነው፤ በበረዶ ላይ ያረፈ የማለዳ ጮራ ማለት ነው። በረዶ አይታ አታውቅም። አባቷ ያወጣላት ስም ከዚህ ይልቅ እውነተኛ ነው። ስድስት ሴቶች ተከታትለው ከተወለዱ በኋላ ሰባተኛዋ ስትመጣ፣ ዓሣ አጥማጁ አባቷ መረቡን ሳያስቀምጥ፣ «እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ትደግ» አለ። ቦንግዮ ማለት ይኸው ነው። እሷም አደገች።

በዘጠኝ ዓመቷ ለአንድ ተጓዥ የዘፈን ቴአትር ቡድን በሰባት ዓመት ውል ተሰጠች። በቡድኑ ውስጥ አንዱ ልጅ ሲሳሳት ሁሉም ተሰልፈው ይገረፉ ነበር። «ስለዚህ የሰው ስህተት ቶሎ ይታየኛል» ትላለች። «በዱላ ነው የተማርኩት፤ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።» ማልቀስንም የተማረችው እዚያ ነው። ቡድኑ በየመንደሩ ሲዞር፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ አስተማሪዋ «አልቅሺ» ሲላት «በግራ ዓይኔ ነው በቀኝ?» ብላ እስከ መጠየቅ ደርሳ ነበር። ይህን ስትነግረኝ ላምናት አልቻልኩም። ኦቾሎኒ እየፈጨች፣ ፊቷ ሳይለወጥ፣ በግራ ዓይኗ ብቻ አንድ ዘለላ እንባ አወረደችልኝ። ከዚያ በመሐረቧ ጠርጋ መፍጨቷን ቀጠለች።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሹ የሚባል የፊልም ነጋዴ አገኛትና ወደ ቤይቶው አመጣት። ያን ጊዜ በእኛ ቋንቋ የሚሠሩት ፊልሞች በፍል ውሃ ሆቴሎቻችን ውስጥ እንደ ኑድል ቶሎ ቶሎ የሚወጡ ነበሩ፤ አንዱ በአሥር ቀን ያልቃል። ጠዋት በአንዱ ሆቴል መበለት ትሆናለች፣ ከሰዓት በኋላ በሌላው ሙሽራ፣ ሲመሽ በድልድዩ ላይ እብድ። ፊቷ የእሷ ነው፤ ድምፁ ግን የእሷ አልነበረም። የባሕር ዳር ቅላጼዋ ለተመልካች አይስማማም ተብሎ፣ ፊልሙ ከተነሳ በኋላ አንዲት ወፍራም ደግ ሴት ከድምፅ መቅጃ ፊት ተቀምጣ በእሷ ከንፈር ላይ ትናገር ነበር።

«ምን እንደተናገርኩ እንኳ አላውቅም ነበር» ትላለች። «ሴትዮዋ ግን ጥሩ ጥሩ ነገር ነበር የምትናገርልኝ አሉ።»

ፊልሞቿን ያላየችበት ምክንያትም ከዚያው ከአሠራራቸው የመጣ ነው። አዲስ ፊልም ሲወጣ ተዋናይቷ በየሲኒማ ቤቱ መድረክ ላይ ወጥታ ለተመልካች ሰላምታ ትሰጣለች፣ አንድ ዘፈን ትዘፍናለች። መብራቱ ሲጠፋ እሷ በጓሮ በር ትወጣለች፤ መኪናው ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃታል፤ በሚቀጥለው ከተማ ሌላ ሲኒማ ቤት፣ ሌላ መድረክ። እንዲህ በቀን አምስት ጊዜ። ከስክሪኑ በስተጀርባ እያለፈች የተመልካቹን ለቅሶ ትሰማለች፤ ምን እንዳስለቀሳቸው ግን አታይም። «ልክ የራሴን ተዝካር ከውጭ እንደመስማት ነበር» አለችኝ፤ ይህንንም እየሳቀች።

የተቀረው ሕይወቷ በጥቂት ቃል ያልቃል። አቶ ሹ ደመወዟን ይዞ ከነመኪናው ጠፋ። የፊልም ጓደኛዋን፣ መልከ መልካሙን ቁማርተኛ፣ አገባች። «በፊልም ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ጥሎኝ ሄዷል» ትላለች፤ «አሥረኛው እውነተኛው ነበር። ልምምዱ ብዙ ስለነበር አልደነገጥኩም።» በመንግሥት ቋንቋ የሚሠሩ ፊልሞች ሲኒማ ቤቶቹን ሲይዙ በእኛ ቋንቋ የሚሠሩት ቀሩ። እሷም ሙሽራ ሆና በተቀመጠችበት ሆቴል ውስጥ የእንግዶች አንሶላ ማጠብ ጀመረች፤ ከዓመታት በኋላ ነው ወደ ኬኩ የዞረችው። ፊልሞቹን ነጋዴዎች ገዝተው በላያቸው ያለውን የብር ማዕድን አጥበው አውጥተው ሸጡት።

«የእኔ ፊት አሁን የአንድ ሰው ጥርስ ሙሌት ሆኗል» ትለኛለች። «ለዚህ ነው ሰው ሲስቅ አፉን የማየው።»

እንግዲህ ባለፈው ዓመት፣ የቤተ መቅደሱ ጣሪያ ሲጠገን፣ አናጢዎቹ ከኮርኒሱ በላይ አምስት ዝገት የበላቸው የፊልም ቆርቆሮዎች አገኙ። በላያቸው በቀለም፣ «የእናት ጃንጥላ፣ ለመሬቱ አያ የተበረከተ» ተብሎ ተጽፏል። እትዬ ቦንግዮ ሃያ ሦስት ዓመቷ ላይ የሠራችው፣ ሲኒማ ቤቶች በር ላይ መሐረብ ያስቸረቸረው ፊልም ነው።

ወሬው ሲደርሳት የሩዙን ሊጥ እንደያዘች ሮጠች። ቆርቆሮዎቹን የሚከፍተው ጋሽ ቲያምሃይ ነበር፤ በባለ ሦስት እግር መኪናው የፊልም መሣሪያ ጭኖ በየቤተ መቅደሱ ደጃፍ ለአማልክት ፊልም የሚያሳይ ቀጭን ሽማግሌ። ፊልሙን አሸተተው፣ በጣቱ አጠፍ ዘርጋ አደረገው፣ ፊቱን አጨማደደ።

«ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል። ድምፁ ያለበት ጠርዝ ተበልቷል፤ አይሰማም። ስድስተኛው ጥቅል የለም። ይሄ ፊልም፣ የኔ እህት፣ አንዴ በመሣሪያው ውስጥ ያልፋል። ሁለተኛ ካለፈ ዱቄት ነው።»

«አንዴ ይበቃኛል» አለች እትዬ ቦንግዮ። እንደዚያ ለስለስ ባለ ድምፅ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

ፊልሙ ግን የእሷም የቲያምሃይም አይደለም፤ የመሬቱ አያ ነው። የቤተ መቅደሱ ኮሚቴ ሊቀመንበር ኪምሹይ ሆዱን አስቀድሞ መጣና ይህንኑ አስታወሰን።

«የአያን ንብረት ያለ አያ ፈቃድ ማን ይነካል? ደግሞስ መቼ ልታዪው ነው?»

«በልደታቸው ቀን። ለማንኛውም ፊልም ይታያል አይደል?»

«በልደታቸው ቀን!» ኪምሹይ እጁን በራሱ ላይ ጫነ። «አንቺ ሴትዮ፣ በሰው ልደት ላይ ለቅሶ ይጠራል? ያኔ እናቴ ይህን ፊልም ሰባት ጊዜ አይታ ሰባት ቀን ወጥ ጨው አብዝታብናለች። እንባዋ እየገባበት!»

«እንግዲያው አያን ልጠይቃቸው።»

ይህን ማንም ሊከለክላት አይችልም። ሁለቱን የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው እንጨቶች ከመሠዊያው አንስታ ተንበረከከች። አንዱ በጠፍጣፋው ሌላው በጎባጣው ከወደቁ አያ «እሺ» ብለዋል፤ ሁለቱም ጎባጣቸውን ካሳዩ «እምቢ»፤ ሁለቱም ጠፍጣፋቸውን ካሳዩ ደግሞ አያ እየሳቁ ነው። ለትልቅ ጉዳይ ሦስት «እሺ» በተከታታይ ያስፈልጋል።

«አያ፣ እኔ ቦንግዮ ነኝ፤ ጎረቤትዎ፣ ኬክ የማመጣልዎ። የእኔን ፊልም በልደትዎ ያያሉ?»

እንጨቶቹ ወደቁ። አያ ሳቁ።

ደገመችው። ሳቁ። ሦስተኛ ጊዜ ወረወረቻቸው፤ አንዱ እንጨት ተሽከርክሮ ኪምሹይ ጫማ ሥር ደርሶ ቆመ። አሁንም ሳቁ። በግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መጥቶ ከበባት። ሦስት ተከታታይ ሳቅ አይቼ አላውቅም፤ ሰማንያ ዓመት የሞላቸውም አይተው አያውቁም።

«ይኸው! ሳቁብሽ። መልሱ ይኸው ነው» አለ ኪምሹይ።

«ቆይ እስቲ» አለች። ፊቷ ላይ ሊጥ እንደደረቀ ለአፍታ አሰበች፤ ከዚያ ጥያቄውን ለወጠችው። «አያ፣ በልደትዎ ቀን መሳቅ ነው የሚፈልጉት?»

እሺ። እሺ። እሺ።

«ፊልሙን ባሳይዎና ባስቅዎ ይፈቅዱልኛል?»

እሺ። እሺ። ሦስተኛውን ስትወረውር ማየት አልቻልኩም፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። የሰዉ ጩኸት ነገረኝ።

ኪምሹይ ላቡን ጠረገ። «መልካም። አያ ልሳቅ ካሉ ይሁን። ግን ውል ውል ነው፤ ከተመልካቹ አንድ ሰው ቢያለቅስ ቲያምሃይ መሣሪያውን ያጠፋል፤ ፊልሙም ወደ ቆርቆሮው ይመለሳል። ልደት ላይ እንባ አልፈቅድም።»

«እስማማለሁ!» አለች። ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ያዘችና፣ «ልጄ፣ ያን ፊልም እንዴት ነው የማስቅበት?» አለችኝ። «ልጇን በዝናብ ለሀብታም ቤት የምትሰጥ እናት ነኝ እኮ። መጨረሻ ላይ ድልድይ ላይ እሞታለሁ።»

«መጨረሻው ያለበት ቆርቆሮ የለም» አልኳት።

«እሱስ አንድ ነገር ነው።»

በጨረቃ አቆጣጠራችን በሁለተኛው ወር በሁለተኛው ቀን፣ የአያ ልደት ሲመሽ፣ ቲያምሃይ ነጩን ጨርቅ በሁለት ቀርከሃ መሃል ወጠረ። የፊተኛው አግዳሚ ወንበር እንደ ሁልጊዜው ባዶ ተተወ፤ የአያ ነው። በላዩ ላይ አንድ ሰሐን ኦቾሎኒ፣ የተለኮሰ ሲጋራና ከእትዬ ቦንግዮ ኬኮች ትልቁ ተቀመጠ። ከኋላው ሰፈሩ በሙሉ በፕላስቲክ ወንበር ተጋፍቷል። ቪድዮ ካሴት በየቤቱ ከገባ ወዲህ ለአማልክት ፊልም የሚመጣው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ሆቴሎቹ እንኳ ሠራተኛ አጡ። እትዬ ቦንግዮ የሠርግ የሚመስል ሰማያዊ ልብስ ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀብታ፣ አጠገቤ ተቀመጠች።

ያስፈሩን እማማ ሊየን ነበሩ፤ የኪምሹይ እናት። ሰማንያ አራት ዓመት የሞላቸው እማማ ሊየን የአየር ሁኔታ ዜና ሲነገር ለዓሣ አጥማጆች የሚያለቅሱ ሴት ናቸው። አራት መሐረብ ጭናቸው ላይ ደርድረው ተቀምጠዋል።

«እማዬ፣ አደራ» አለ ኪምሹይ።

«ምን አደራ? እንባዬ የኔ ነው ያንተ?»

መብራቱ ጠፋ። በዚያች ቅጽበት እትዬ ቦንግዮ ብድግ አለችና ወደ ጓሮው መንገድ መሄድ ጀመረች። እጅጌዋን ይዤ ጎተትኳት።

«ወዴት ነው?»

ቆማ ዙሪያዋን አየች። «እንጃ» አለች። «እግሬ ነው። መብራት ሲጠፋ ይሄዳል።» ሳቀችና ተመልሳ ተቀመጠች፤ እጄን ግን አለቀቀችም።

ፊልሙ ጀመረ። ድምፅ የለም፤ የመሣሪያው ኩርርር ብቻ። ጭረት እንደ ዝናብ ይወርዳል። ከጭረቱ ውስጥ ፊት ወጣ፤ ወጣት፣ ክብ፣ ቅንድቧ እንደ ቀጭን ጨረቃ። እትዬ ቦንግዮ ትንፋሿን ስትስብ ሰማኋት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላው ሁሉ ያየውን ፊት እሷ አሁን አየችው። ሦስት ጥቅል እስኪያልቅ ድረስ ዓይኗን ከጨርቁ አላነሳችም፤ ሰዉም እንደ እሷ። ቲያምሃይ በጥንቃቄ፣ እንደ ሕፃን፣ ጥቅሉን ይለውጣል።

አራተኛው ላይ ያ ነገር መጣ። እናትየው ሕፃኗን በጨርቅ ጠቅልላ በሀብታሙ በር ላይ ቆማለች። ዝናብ። ካሜራው ቀረበ። ከንፈሯ ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል፣ ለልጁ የመጨረሻ ቃል ትናገራለች፤ ምን እንደምትል ግን አይሰማም። እማማ ሊየን የመጀመሪያውን መሐረብ አነሱ። ኪምሹይ ወደ ቲያምሃይ ዞረ። የቲያምሃይ እጅ ወደ ማጥፊያው ሄደ። እኔ ወደ እትዬ ቦንግዮ ዞርኩ፤ ዓይኖቿ ሁለቱም እንባ ሞልተዋል። ሊቆም ነው፤ በራሷ እንባ ሊቆም ነው ብዬ አሰብኩ።

ድንገት ወደ ፊት ጎነበሰች። የስክሪኑን ከንፈር አተኩራ አየችው። ከንፈሯ አብሮ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ያ ከመንገድ ማዶ የሚሰማው ሳቋ ፈነዳ።

«እየቆጠርኩ ነው!» ብላ ጮኸች። «እናንተ፣ ከንፈሬን እዩት፣ እየቆጠርኩ ነው እኮ!»

«ምን?» አለ ኪምሹይ።

ተነስታ የቤተ መቅደሱን ማይክሮፎን ከኪምሹይ እጅ ነጠቀች። «ንግግሩ አልተጻፈም ነበር! ደራሲው ፍል ውሃ ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ እዚሁ፣ ታች ሆቴሉ! ዳይሬክተሩ ‹ዝም ብለሽ ቁጠሪ፣ ቃሉን በኋላ እናስገባለን› አለኝ። ለሐዘን ቀስ ብለሽ፣ ለቁጣ ፈጠን ብለሽ። ረስቼው!» ወደ ስክሪኑ ዞረችና፣ እዚያ ያለችው ምስኪን እናት ግንባሯን በሕፃኑ ላይ ስትጥል፣ በዚያ ወፍራም የባሕር ዳር ቅላጼዋ፣ ከከንፈሩ ጋር ልክ ልክ እያለች ተናገረች፤ «አሥራ አንድ… አሥራ ሁለት… ወይኔ፣ አሥራ ሦስት!»

ግቢው ተናጋ። የሀብታሙ በር ተከፈተና መልከ መልካሙ ጌታ ወጣ፤ የድሮ ባሏ። ሰዎች ለይተውት ፉጨት ለቀቁ። እሱም በቁጣ አፉን ከፈተ፤ እትዬ ቦንግዮ ድምፅ ሰጠችው፤ «ሦስት! አራት! ስድስት!… እዩት! አምስትን ዘለላት! ያኔም መቁጠር አይችልም ነበር፤ በቁማር ይሸነፍ የነበረው ለምን እንደሆነ ዛሬ ገባኝ!»

አንዱ ከኋላ፣ «እትዬ፣ ድጋሚ ዘለለ!» ብሎ ጮኸ።

«ተዉት፣ ሰባትን አይወድም!»

ከዚያ በኋላ ሰዉ ሁሉ መቁጠር ጀመረ። አማቷ ስትሰድባት በፍጥነት፣ ሐኪሙ ሲያዝን በቀስታ፣ ለማኙ ሲመርቃት እያንጎራጎረ፤ ከንፈር ባየ ቁጥር ይቆጥራል። እማማ ሊየን መሐረባቸውን ዓይናቸው ላይ ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ኪምሹይ አየና ዘሎ ተነሳ።

«አቁም! እናቴ እያለቀሰች ነው!»

«እየሳቅኩ ነው አንተ ደንቆሮ!»

«እንባ አለ! ውሉ እንባ ነው!»

ቲያምሃይ እጁን ማጥፊያው ላይ አድርጎ ወደ እሱም ወደ እሳቸውም ያያል። እማማ ሊየን እርጥቡን መሐረብ በልጃቸው ፊት ላይ ወረወሩ። «ቁጭ በል! የሰባት ጊዜ እንባዬን ዛሬ በሳቅ እያስመለስኩ ነው። አያ ዝም ብለዋል፤ አንተ ማን ነህ?» ኪምሹይ ባዶውን አግዳሚ አየ። ሲጋራው እስከ ጫፉ ነድዶ፣ አመዱ ሳይወድቅ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶም፣ ማንም የማይሰማው መስሎት፣ አብሮ «ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት» ሲል ሰማሁት።

አምስተኛው ጥቅል መጨረሻ ላይ እናትየው ጃንጥላዋን ይዛ ድልድዩ ላይ ቆመች። ድልድዩ ከእኛ ግቢ ሁለት መቶ እርምጃ ታች ያለው ነው፤ ያው እንፋሎት ከሥሩ ይነሳል። ቀና ብላ ወደ እኛ አየችና ረጅሙን ንግግሯን ጀመረች። ሰዉ በአንድ ድምፅ ተከተላት። ሠላሳ አምስት። ሠላሳ ስድስት። ሠላሳ ሰባት። ፊልሙ አለቀ፤ ጨርቁ ነጭ ሆነ። ሰዉ ግን አላቆመም፤ ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ በነጩ ጨርቅ ላይ ይቆጥራል።

«ከዚህ በኋላ ትሞታለች፣ አይደል?» አሉ እማማ ሊየን፤ ሰባት ጊዜ ያዩት እሳቸው።

«የምትሞትበት ቆርቆሮ ጠፍቷል፣ እማማ» አለች እትዬ ቦንግዮ በማይክሮፎኑ። «ነገ ሩዝ ዘፍዝፋ ኬክ ትሠራለች። በማለዳ ኑ፣ ያልቃል።»

ማይክሮፎኑን ለኪምሹይ መልሳ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ቲያምሃይ የተሰባበረውን ፊልም በእፍኙ እየሰበሰበ ወደ ቆርቆሮው ይመልሳል፤ ሰዉ ስድሳን አልፏል። እሷ ነጩን ጨርቅ እያየች ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ስሚኝ ልጄ» አለችኝ፣ የተናደደች ትመስል ነበር። «ቆንጆ ነበርኩ እኮ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዴት አንድ ሰው አይነግረኝም?»